ውኃ በውኃ ውስጥ ሲሰምጥ

እ.ኤ.አ. በ1751 ሄንሪ ኤሊስ የተባለ እንግሊዛዊ የመርከብ አዛዥ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ፣ በ25 ዲግሪ ሰሜናዊ ኬክሮስ ገደማ፣ አንድ ባልዲ በረጅም ገመድ አስሮ ወደ ባሕር ሰደደ። ባልዲው ስቲቨን ሄልስ በተባሉ ተመራማሪ ቄስ የተነደፈ ነበር። ከላይና ከታች ክዳኖች ነበሩት፤ ሲወርድ ውኃው በውስጡ እንዲያልፍ ይከፈታሉ፣ ሲጎተት ደግሞ ግጥም ብለው ይዘጋሉ። በሆዱም ቴርሞሜትር ይዟል። በባሕሩ ገጽ ላይ የነበረው መጠነ ሙቀት 29 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ነበር። ባልዲው 1,630 ሜትር ጠልቆ ሲመለስ ግን ቴርሞሜትሩ 12 ዲግሪ አሳየ። ኤሊስ በነገሩ እጅግ ተደሰተ፤ የደስታው ምክንያት ግን ሳይንስ ብቻ አልነበረም። በዚያ በሚያቃጥል አየር ውስጥ ገላ የሚታጠብበትና ወይን ጠጅ የሚያቀዘቅዝበት ውኃ እንዳሻው ማግኘቱን ለሄልስ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ሳይደብቅ ገልጿል። (መርከቡ የባሪያ ንግድ መርከብ ነበር፤ የሳይንስ ታሪክ እንዲህ ባሉ መርከቦችም ላይ ተጽፏል።)

ዛሬ እንደምናውቀው ባልዲው የሞቀውን የላይኛውን ውኃ አቋርጦ ሲወጣ መሞቁ አልቀረም፤ በዚያ ጥልቀት ያለው ውኃ ቴርሞሜትሩ ካሳየውም የቀዘቀዘ ነው። ይሁንና ኤሊስ ሳያስበው አንድ ትልቅ እንቆቅልሽ ከባሕር ጎትቶ አውጥቷል። በሐሩር ክልል ፀሐይ የባሕሩን ገጽ ዓመቱን ሙሉ ታሞቃለች። ውቅያኖሱ ዝም ብሎ የተኛ ቢሆን ኖሮ ይህ ሙቀት ቀስ በቀስ ወደ ታች እየሰረገ፣ በሺህ ዓመታት ውስጥ ጥልቁንም ባሞቀው ነበር። ጥልቁ ግን ቀዝቃዛ ነው። እንግዲያው ቅዝቃዜው ከሆነ ሥፍራ ያለማቋረጥ እየታደሰ መሆን አለበት። በአሥራ ስምንተኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ ካውንት ራምፎርድ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ ይህን ነገር አውጥቶ አውርዶ፣ ቀዝቃዛው ውኃ ከዋልታዎች አካባቢ ሰምጦ በባሕሩ ወለል ላይ የሚሳብ መሆን አለበት ሲል ደመደመ። በመርከብ ሄዶ ያየው ነገር አልነበረም፤ በአመክንዮ ብቻ የደረሰበት ነው።

ውኃ በውኃ ውስጥ እንዴት ይሰምጣል?

ድንጋይ በውኃ ውስጥ ሲሰምጥ ማንንም አያስገርምም። ውኃ በውኃ ውስጥ ይሰምጣል ሲባል ግን ነገሩ እንግዳ ይመስላል። ሆኖም ስኳር ተጨምሮበት ያልተማሰለ ሻይ የጠጣ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ የመጀመሪያው ፉት መራራ፣ የመጨረሻው ማር ነው። ስኳር የሟሟበት ውኃ ካልሟሟበት ይልቅ ይከብዳልና ከታች ይቀመጣል። እዚህ ላይ «ይከብዳል» ስንል በእኩል ይዘት ውስጥ የሚገኘው መጠነ ቁስ ይበልጣል ማለታችን ነው፤ ይህንንም እፍግታ እንለዋለን።

የባሕር ውኃን እፍግታ የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ግፊት፣ መጠነ ሙቀትና ጨዋማነት። ግፊቱን ለጊዜው እንተወው፤ በአንድ ጥልቀት ላይ ያሉ ጎረቤት ውኃዎችን በእኩል ይጫናቸዋልና። የሚለያዩት በሙቀትና በጨው ነው። በአማካይ አንድ ኪሎ ግራም የባሕር ውኃ 35 ግራም ያህል ጨው ይዟል። ከዚህ ላይ አንድ ግራም ጨው ቢጨመር የአንድ ሜትር ኩብ ውኃ ክብደት በ0.8 ኪሎ ግራም ገደማ ይጨምራል፤ ይህም ውኃው ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም ብዙ አይለወጥም። የሙቀት ጠባይ ግን ከዚህ የተለየ ነው። 25 ዲግሪ ላይ ያለ የባሕር ውኃ በአንድ ዲግሪ ቢቀዘቅዝ አንዱ ሜትር ኩብ 0.3 ኪሎ ግራም ያህል ይከብዳል። ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ያለው ውኃ በአንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ግን ጭማሪው 0.05 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ነው።

ይህችን ልዩነት ልብ በሏት፤ የቀረው ታሪክ ሁሉ በእርሷ ላይ የቆመ ነውና። በሞቃት ባሕር አንድ ግራም ጨው የሚያመጣውን ክብደት ለማምጣት ሁለት ተኩል ዲግሪ ያህል መቀዝቀዝ ይበቃል። በዋልታ አካባቢ ግን ከአሥር ዲግሪ በላይ ማስፈለጉ ነው፤ ያን ያህል ደግሞ ሊቀዘቅዝ አይችልም፤ ከዜሮ በታች ሁለት ዲግሪ ሳይደርስ ይረጋልና። ስለዚህ በሐሩር ክልል ዳኛው ሙቀት ሲሆን፣ በበረዶ አገር ባሕር ግን ውኃው ይስመጥ ወይስ ይንሳፈፍ የሚለውን የሚወስነው ጨው ነው።

ነገሩን በገዛ ዓይናቸው ለማየት ለሚሹ አንባብያን ቀላል ሙከራ አለ። ሁለት ብርጭቆ ውኃ ቅዱ። አንዱን በቀይ ሥር ጭማቂ አቅሉትና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙበት። ከቀዩ ውኃ ጥቂት በማንኪያ እየቀዳችሁ በንጹሑ ውኃ ብርጭቆ ጠርዝ ላይ በቀስታ አንሸራትቱት። ቀዩ ውኃ እንደ ጭስ እየተጠማዘዘ ወርዶ ከታች ይተኛል። ቀጥሎ ጨው የሌለበት የሞቀ ቀይ ውኃ ሞክሩ፤ ይህኛው ከላይ ይንሳፈፋል። የሞቀና ጨዋማ ውኃስ? ይህ እንደ ሙቀቱና እንደ ጨው መጠኑ ይለያያል፤ እናንተው ድረሱበት። መጀመሪያ የሚንሳፈፍ ከሆነ በትዕግሥት ጠብቁ፤ ሙቀት ከጨው ይልቅ መቶ እጥፍ ያህል ፈጥኖ ስለሚሰራጭ፣ ሙቀቱን ያጣው ጨዋማ ውኃ ቀጫጭን ጣቶች እያወጣ ወደ ታች ሲወርድ ልታዩ ትችላላችሁ። የባሕር ሊቃውንትም «የጨው ጣቶች» ይሏቸዋል።

ቀይ ባሕር

የዓለም ውቅያኖሶች እጅግ ሰፊ ከመሆናቸው የተነሣ አንድ ሰው ዑደታቸውን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ ሊያየው አይችልም። ይህ ዑደት በአነስተኛ መጠን ተሟልቶ የሚገኝበት ባሕር ግን በአፍሪካ ቀንድ ደጃፍ ላይ አለ። ቀይ ባሕር 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ አይገባበትም፤ ዝናቡም ከቁጥር አይገባም። በአንጻሩ በየዓመቱ ሁለት ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ውኃ ከገጹ ላይ ይተናል። የባሕሩ ስፋት 440,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ብናባዛው በዓመት 880 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። ዓባይ በዓመት ከኢትዮጵያ ይዞ የሚወጣው 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ነው። እንግዲህ በየዓመቱ አሥራ ስምንት ዓባይ ወደ ሰማይ ይወጣል ማለት ነው።

የሚተነው ውኃው እንጂ ጨው አይደለም። ቀይ ባሕር ወደ ሌላ ውኃ መውጫ ባይኖረው ኖሮ በጥቂት ሺህ ዓመታት ውስጥ ወደ ጨው ሜዳነት በተለወጠ ነበር፤ በአፋር ዝቅተኛ ሥፍራ የሚቆረጠው አሞሌ፣ ጥንት ወደ ውስጥ ገብቶ መመለሻ ያጣ የዚሁ ባሕር ውኃ ትቶት የሄደው ነው። ከዚህ ዕጣ ያዳነው የባብ ኤል መንደብ ሰርጥ ነው። ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በሰርጡ በኩል የሚገባው የላይኛው ውኃ በኪሎ ግራም 36.5 ግራም ገደማ ጨው ይዞ ወደ ሰሜን ይጓዛል። በመንገዱ ላይ እየተነነ ጨዋማነቱ ይጨምራል፤ ሰሜኑ ጫፍ ሲደርስ ከ40 ግራም ይበልጣል። በክረምቱ ወራት፣ በእኛ በጋ ማለት ነው፣ ከበረሃው የሚነፍሰው ቀዝቃዛና ደረቅ ነፋስ ይህን ጨዋማ ውኃ 21 ዲግሪ አካባቢ ያደርሰዋል። ያን ጊዜ ይሰምጣል። ሰምጦም ወደ ደቡብ ይመለስና በሰርጡ አካባቢ 137 ሜትር ጥልቀት ላይ ባለው የባሕር ወለል ደፍ ላይ ተሻግሮ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ቁልቁለት ይወርዳል። ከላይ ገቢ፣ ከታች ወጪ፤ በሰርጡ ላይ የሚቆም መርከበኛ ከእግሩ በታች ሁለት ወንዞች በተቃራኒ አቅጣጫ ሲያልፉ ላያውቅ ይችላል።

የዴንማርኩ ተመራማሪ ማርቲን ክኑድሰን እ.ኤ.አ. በ1900 ያቀረበው ቀላል ስሌት የወጪውን መጠን ያስገምተናል። ባሕሩ ከዓመት ዓመት ጨዋማነቱ እንዳለ የሚቆይ ከሆነ፣ ከላይ የሚገባው ጨው ሁሉ ከታች መውጣት አለበት። የሚገባው 36.5፣ የሚወጣው 40 ግራም ገደማ ይዟል። ትነቱ በሴኮንድ 28,000 ሜትር ኩብ ያህል ነው። 28,000ን በ36.5 አባዝተን፣ ለሁለቱ ጨዋማነቶች ልዩነት ለ3.5 ስናካፍለው በሴኮንድ 292,000 ሜትር ኩብ እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ1995 እና በ1996 በሰርጡ ውስጥ መሣሪያ ተክለው የለኩ ተመራማሪዎች ያገኙት አማካይ 370,000 ገደማ ነበር። ከባሕሩ ሳንደርስ በእርሳስና በወረቀት ለሠራነው ስሌት ይህ መልካም ውጤት ነው። በእርግጥ አማካዩ ብዙ ነገር ይሸፍናል። የታችኛው ፈሳሽ በየካቲት አካባቢ እጅግ ይበረታል፤ በነሐሴ ገደማ ግን ሊቆም ይደርሳል። በዚያ ወቅት ነፋሱ አቅጣጫ ይለውጥና የላይኛውን ውኃ ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ በመካከል ደግሞ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ቀዝቃዛ ውኃ ሾልኮ ይገባል፤ ሰርጡም ባለ ሦስት ፎቅ ይሆናል።

የዚህ ዑደት ምልክት በቀይ ባሕር ጥልቅ ውስጥ ይነበባል። በሕንድ ውቅያኖስ ሁለት ሺህ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለው መጠነ ሙቀት ሦስት ዲግሪ አይሞላም። በቀይ ባሕር በዚያው ጥልቀት 21.5 ዲግሪ ገደማ ነው። ደፉ የውቅያኖሱን ቀዝቃዛ ውኃ ስለማያስገባው፣ የባሕሩ ጥልቅ የሚሞላው እዚያው ገጹ ላይ በተሠራ ውኃ ብቻ ነው። ከዚህም የባሰ አለ። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በባሕሩ መሐል፣ ሁለት ሺህ ሜትር ከሚያልፍ ጥልቀት ላይ፣ «አትላንቲስ ሁለት» ተብሎ በተሰየመ ጎድጓዳ ሥፍራ ውስጥ የተኛ የጨው ውኃ ኩሬ አገኙ። ከወለሉ ስንጥቆች በሚወጣ ሙቀት የተነሣ ከ60 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ እጅ አይነካውም። ግን አይነሣም፤ አይንሳፈፍም። ጨዋማነቱ ከተራ የባሕር ውኃ ሰባት እጥፍ ያህል ነውና፣ በ22 ዲግሪ ውኃ ሥር ተጭኖ ይኖራል።

ቁልቁል የሚወርድ ውኃ ብቻውን አይወርድም፤ በምትኩ የሚወጣ አለ። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1992 በአቃባ ባሕረ ሰላጤ የሆነውን ማንሣት ይበቃል። ባለፈው ዓመት ሰኔ ወር በፊሊፒንስ የፒናቱቦ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በረጨው ጉም የፀሐይ ጨረር ቀንሶ ነበር፤ በመካከለኛው ምሥራቅም ክረምቱ ከወትሮው ቀዘቀዘ። የባሕረ ሰላጤው ገጽ ቀዝቅዞ መስመጥ ጀመረ፤ የላይኛውና የታችኛው ውኃም ከ850 ሜትር በላይ እስኪዘልቅ ድረስ ተቀላቀለ። ለዘመናት ከታች የተከማቸው ንጥረ ምግብ ወደ ብርሃን ወጣ። አልጌ ይህን ድግስ ባገኘ ጊዜ ያለ ልክ ተራባ፤ እንደ ምንጣፍ ሆኖ የኮራል ቅኝቶቹን ሸፍኖ ብዙዎቹን ገደለ። በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ የፈነዳ ተራራ ኮራልን የገደለው ውኃ በማቀዝቀዝ ነው። ሰንሰለቱ እንዲህ ይረዝማል ብሎ አስቀድሞ የሚገምት ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም።

አትላንቲክና የሁለቱ ጋኖች ጨዋታ

ከቀይ ባሕር ወደ ዓለሙ ውቅያኖስ ስንሸጋገር መርሑ ያው ነው፤ መጠኑ ግን ይለያል። ውኃ ከገጽ ተነሥቶ እስከ ጥልቁ የሚሰምጥባቸው ሥፍራዎች እጅግ ጥቂት ናቸው። በሰሜን በግሪንላንድ ዙሪያ፣ በደቡብ ደግሞ በአንታርክቲካ ዳርቻ፣ በተለይም በዌዴልና በሮስ ባሕሮች። በአንታርክቲካ የሚሠራው በረዶው ራሱ ነው፤ ባሕር ሲረጋ በረዶው አብዛኛውን ጨው ወደ ውጭ ስለሚተፋ፣ ከሥሩ ያለው ውኃ ጨዋማ፣ ቀዝቃዛና ከባድ ይሆናል። የዓለምን ውቅያኖሶች ወለል በሰፊው የሸፈነው ይህ ውኃ ነው።

ሰሜን ፓስፊክስ ቀዝቃዛ አይደለምን? ቀዝቃዛ ነው፤ ነገር ግን ጥልቅ ውኃ አይወለድበትም። የገጹ ጨዋማነት 33 ግራም ገደማ ብቻ ስለሆነ የፈለገውን ያህል ቢቀዘቅዝ አይሰምጥም። የአትላንቲክ 35 ነው። የዚህ ልዩነት አንዱ ምክንያት የንግድ ነፋሳት ከአትላንቲክ ያነሡትን እርጥበት ቀጭኑን የመካከለኛው አሜሪካ መሬት አሻግረው በፓስፊክ ላይ ማዝነባቸው ነው። ከላይ «በበረዶ አገር ዳኛው ጨው ነው» ያልነው እዚህ ላይ ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ1961 አሜሪካዊው ሄንሪ ስቶመል ይህን ነገር ወደ ሁለት ጋኖች ጨዋታ አሳነሰው። አንዱ ጋን የሐሩር ክልል ባሕር ነው፤ ሞቃትና ጨዋማ። ሌላው የሰሜኑ ነው፤ ቀዝቃዛና ዝናብ የሚበዛበት። ከላይና ከታች በቧንቧ ተገናኝተዋል። ቅዝቃዜ የሰሜኑን ውኃ ያከብደዋል፤ ዝናብና የበረዶ ቅላጭ ደግሞ ያቀልለዋል። ቅዝቃዜው ሲያሸንፍ ውኃው በሰሜን ይሰምጣል፤ በምትኩም ጨዋማ ውኃ ከደቡብ ይመጣል፤ የመጣው ጨው ውኃውን የበለጠ ያከብደዋል፤ ፍሰቱ ራሱን እያበረታ ይቀጥላል። አሁን ግን በሰሜኑ ጋን ላይ ጨው አልባ ውኃ እየጨመርን እንሂድ። ፍሰቱ ይደክማል፤ ሲደክም የሚያመጣው ጨው ያንሳል፤ ጨው ሲያንስ ይበልጥ ይደክማል። ከአንድ መጠን ካለፈ በኋላ በድንገት ይወድቃል። የጨመርነውን ውኃ ብንቀንስም ወዲያው አይመለስም። በአንድ ዓይነት የአየር ጠባይ ሥር ሁለት የተለያዩ ውቅያኖሶች ሊኖሩ ይችላሉ ማለት ነው። ይህ ጥቂት ገጾች ያሉት ጽሑፍ ለረጅም ዓመታት ብዙ አንባቢ አላገኘም ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር ልጨምር። «ሙቀትና ጨው ውቅያኖስን ያንቀሳቅሳሉ» ሲባል እንሰማለን፤ እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ድስት ከሥሩ ሲጣድ ይንተከተካል። ከላዩ ላይ ብቻ ፍም ቢደረግበት ግን ገጹ ይሞቃል እንጂ ታቹ አይነቃነቅም። ባሕርም የሚሞቀውም የሚቀዘቅዘውም በገጹ ነው። ስዊድናዊው ሳንድስትሮም እ.ኤ.አ. በ1908 ይህን አስገንዝቦ ነበር። የሰመጠው ከባድ ውኃ ተመልሶ እንዲወጣ አንድ ኃይል ሊጎትተው ወይም ከላይኛው ሙቀት ጋር ሊያማስለው ይገባል። ይህን የሚያደርጉት በደቡብ ውቅያኖስ ላይ የሚነፍሱት ብርቱ የምዕራብ ነፋሳትና፣ ከባሕር ወለል ተራሮች ጋር የሚጋጨው የማዕበል እንቅስቃሴ ናቸው፤ የኋለኛው ጉልበት ደግሞ በአብዛኛው የጨረቃ ነው። ዋልተር መንክ እ.ኤ.አ. በ1966 እንዳሰላው በፓስፊክ ጥልቅ ውኃው የሚነሣው በቀን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚህ አካሄድ ዛሬ በሰሜን ፓስፊክ ጥልቅ ያለው ውኃ ለመጨረሻ ጊዜ አየር የነካው ከሺህ ዓመት በፊት፣ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ገና ከአለት ሳይፈለፈሉ ነው።

ቢደክምስ?

ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከባሃማስ እስከ አፍሪካ ምዕራብ ዳርቻ፣ በ26.5 ዲግሪ ሰሜናዊ ኬክሮስ ላይ፣ ከባሕሩ ወለል ጋር የታሰሩ ረጃጅም ገመዶች ተተክለዋል። በየገመዱ ላይ የተንጠለጠሉ መሣሪያዎች መጠነ ሙቀቱንና ጨዋማነቱን ይመዘግባሉ። ወደ ሰሜን የሚሄደውና ከታች የሚመለሰው ውኃ በአማካይ በሴኮንድ 17 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከዓባይ አማካይ ፍሰት ከአሥር ሺህ እጥፍ በላይ ማለት ነው። ከዓመት ዓመት ያለው መዋዠቅ ትልቅ በመሆኑ ረጅም ጊዜ መለካት ግድ ነው። የግሪንላንድ በረዶ እየቀለጠ ጨው አልባ ውኃ በዚያው ለስቶመል ሰሜናዊ ጋን ይጨምራል። የመንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘገባ ይህ ዑደት በዚህ ምዕተ ዓመት መድከሙ በጣም የሚጠበቅ ነው ብሏል፤ ከ2100 በፊት በድንገት አይወድቅም የሚለውን ግን በመካከለኛ እርግጠኝነት ብቻ አስቀምጦታል። ቢወድቅ የሐሩር ክልል የዝናብ መቀነት ወደ ደቡብ እንደሚሸሽና የአፍሪካና የእስያ የክረምት ዝናብ እንደሚደክም ዘገባው ይገልጻል። ሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በውቅያኖስ በኩል የሚላክለት ሙቀት ሲቀርበት ይቀዘቅዛል፤ የዝናብ መቀነቱም ወደሞቀው ወገን ያደላል።

ከዚህ ቀደም ሆኖ ያውቃል? ከ17,500 ዓመታት ገደማ በፊት ከሰሜን አሜሪካ የበረዶ ግግር የተሰበሩ እጅግ ብዙ ተንሳፋፊ የበረዶ ተራሮች በሰሜን አትላንቲክ ቀለጡ። ከቤርሙዳ አቅራቢያ ከባሕር ወለል የተወሰደ ደለል ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በዚያን ዘመን ዑደቱ ቆሞ ወይም ለመቆም ተቃርቦ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ከጣና ሐይቅ መሐል በተወሰደ ደለል ላይ የተሠራ ጥናት ወጣ። በደለሉ ሥር ጠንካራ፣ ደርቆ የታጨቀ አፈር ተገኝቷል፤ ጣና ከ18,700 እስከ 16,700 ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ ደርቆ ነበር። ድርቀቱ የጀመረው የበረዶ ተራሮቹ ከመቅለጣቸው አስቀድሞ ስለሆነ ጥፋቱን ሁሉ በአትላንቲክ ላይ ማላከክ አይቻልም፤ የበረዶው ዘመን በጠቅላላው በምሥራቅ አፍሪካ ደረቅ ነበር። ሐይቁ ሳያገግም የቆየበት ዘመን ግን ዑደቱ ከተዳከመበት ዘመን ጋር ይገጥማል። ከደረቀው አፈር በላይ የረግረግ ቅሪት አለ፤ ዛሬ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል በሐይቁ መሐል በቅሎ ነበር። ከዚያ በላይ በጥቂቱ ጨው የሚወዱ ዳያተሞች ይታያሉ፤ ሐይቁ እየሞላ፣ ነገር ግን መውጫ አጥቶ እየተነነ፣ እንደ ቀይ ባሕር ጨው ማጠራቀም ጀምሮ ነበርና። ቀጥሎ በድንገት ንጹሕ ውኃ የሚሹት ዳያተሞች ይተካሉ። ጣና ሞልቶ ወደ ዓባይ የፈሰሰበት ጊዜ ይህ ነው፤ ከ14,750 ዓመታት ገደማ በፊት። በሰሜን አትላንቲክም ውኃው እንደገና መስመጥ የጀመረው በዚያው ሰሞን ነበር።